«እንደ» ያለበት ሁሉ ዘይቤ አይደለም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከሰሜን ሸዋ አንባቢዎቻችን ስለ ዘይቤ የደረሱንን ጥያቄዎች እንመልሳለን። ጠያቂዎቹ ተማሪዎች፣ መምህራንና ግጥም መጻፍ የጀመሩ ወጣቶች ናቸው። ብዙዎቹ የጠየቁት የዘይቤዎቹን ስም ነው። ስሙ ተፈላጊ ቢሆንም በስም የተጀመረ ንባብ ቶሎ ይሳሳታል፤ ስለዚህ በየመልሳችን ከስሙ በፊት ቃሉ በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ምን እየሠራ እንደሆነ እናያለን።

ጥያቄ፦ «እንደ» የሚለውን ካየሁ አነጻጻሪ ዘይቤ፣ ካላየሁ ተለዋጭ ዘይቤ ብዬ እመልሳለሁ። አንዳንዴ ግን ስህተት ይባልብኛል። ለምን? (የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ መሐል ሜዳ)

መልስ፦ «እንደ» ብዙ ሥራ ያለው ቃል ስለሆነ ነው። «እንደ ደረሰ ተኛ» ሲባል ጊዜን ያሳያል። «እንደ ደንቡ ይፈጸም» ሲባል መስማማትን ነው። በሁለቱም ውስጥ ማነጻጸር የለም። «ይህ በግ እንደዚያኛው የሰባ ነው» ስንል ደግሞ አነጻጽረናል፤ ዘይቤ ግን አልሠራንም፤ በግን ያመዛዘንነው ከበግ ጋር ነውና። ዘይቤ የሚወለደው በዓይነታቸው የማይገናኙ ሁለት ነገሮች በአንድ ነጥብ ላይ ሲገናኙ ነው።

ስለዚህ ዐረፍተ ነገሩን ሦስት ነገር ጠይቂው። የሚወራው ስለ ምንድን ነው? በምን ተመሰለ? ሁለቱን የሚያገናኛቸው ምንድን ነው? «የጣርማ በር ጉም ተራራውን እንደ ጋቢ ሸፈነው» በሚለው ውስጥ የሚወራው ስለ ጉሙ ነው፤ የተመሰለው በጋቢ ነው፤ የሚያገናኛቸው ነጭነታቸውና ከላይ እስከ ታች መሸፈናቸው ነው። ሦስተኛው ጥያቄ መልስ ካጣ ወይ አንቺ አልገባሽም፣ ወይ ጸሐፊው አልተሳካለትም። ከሦስቱ በጣም የሚጠቅመው ይኸኛው ሆኖ ሳለ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚዘሉት እሱን ነው።

«እንደ» ሳይኖርም አነጻጻሪ ዘይቤ አለ። «ይመስላል»፣ «ያህላል»፣ «ያክላል» እና «ከ… ይብሳል» ያንኑ ሥራ ይሠራሉ። «ምላሱ ከምላጭ ይብሳል» አነጻጻሪ ነው።

አሁን ማነጻጸሪያውን ቃል አውጪና «ጉሙ የተራራው ጋቢ ነው» በይ፤ ተለዋጭ ሆነ። ትንሽ ጨምሪበትና «ተራራው ጋቢውን ተከናንቦ ተኝቷል» በይ። እዚህ ላይ ሁለት ዘይቤ አንድ ላይ አለ። «ጋቢ» በጉም ፋንታ ስለገባ ተለዋጭ ነው፤ ተራራው እንደ ሰው ስለተከናነበና ስለተኛ ደግሞ ሰውኛ ነው። ፈተና ላይ ሁለቱም በአማራጭነት ከቀረቡ የተሠመረበትን ቃል ተመልከቺ። «ጋቢውን» ላይ ከተሠመረ ተለዋጭ፣ «ተከናንቦ ተኝቷል» ላይ ከተሠመረ ሰውኛ ብለሽ መልሺ።

ሌላም ወጥመድ አለ። «ያ ቀበሮ ነው» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ጓሳ ላይ ቆሞ ወደ ሣሩ እየጠቆመ የተናገረ ሰው ቀይ ቀበሮ አይቶ ሊሆን ይችላል፤ ዘይቤ የለበትም። ስለ ጎረቤቱ ከሆነ ግን ተለዋጭ ዘይቤ ነው። አንድም ፊደል አልተቀየረም። ከፊትና ከኋላ ያሉትን ዐረፍተ ነገሮች ሳታነቢ አትወስኚ።

ጥያቄ፦ ፈሊጣዊ አነጋገር፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና ተለዋጭ ዘይቤ ይምታቱብኛል። (እነዋሪ)

መልስ፦ ፈሊጥን ለመለየት አንዱን ቃል በተመሳሳዩ ይተኩት። «ሆደ ሰፊ» ታጋሽ ማለት ነው፤ «ሆደ ትልቅ» ቢሉት ትዕግሥቱ ጠፍቶ ቦርጩ ብቻ ይቀራል። «ጆሮ ዳባ ልበስ አለ» የሚለውን «ጆሮ ጋቢ ልበስ» ቢሉት የሚረዳዎት የለም። ፈሊጥ ቃላቱ ተጋግረው የቀሩበት፣ ፍቹም በልማድ የጸና አነጋገር ነው። ተለዋጭ ዘይቤ ግን ገና ትኩስ ስለሆነ ቃሉን ቢለውጡትም ሥዕሉ ይኖራል፤ «ጉሙ የተራራው ጋቢ ነው» የሚለውን «ኩታ» ቢያደርጉት ያው ነው። ብዙ ፈሊጦች ጥንት ተለዋጭ ዘይቤ የነበሩና በመደጋገም የረጉ ናቸው።

ምሳሌያዊ አነጋገር ደግሞ ሙሉ ሐሳብ ነው፤ ራሱን ችሎ ይቆማል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ውስጥ ድሩ የደካሞች፣ አንበሳው የኃያል ምትክ ነው። ድር አንበሳን ማሰሩ ግነት ነው፤ «ያብር» እና «ያስር» ደግሞ ቤት ይመታሉ። ይህን ሁሉ በአራት ቃላት ይዟል! ልብ ሊሉት የሚገባው ግን ዋናው ንጽጽር በምሳሌው ውስጥ ሳይሆን በምሳሌውና በተነገረበት ጉዳይ መካከል መሆኑ ነው። ለዕድር ስብሰባ ከተነገረ ድሩ ዕድርተኛው ነው፤ ለወንፈል ከተነገረ ድሩ አራሹ ነው።

ጥያቄ፦ ሰምና ወርቅን ለተማሪዎቼ ስተረጉምላቸው ይረዱታል፤ ራሳቸው ሥሩ ስላቸው ግን አንድም የሚሠራ አይገኝም። በምን ላስጀምራቸው? (የአማርኛ መምህር፣ ደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ከስሙ ቢጀምሩ ግማሹ ሥራ ይቀልልዎታል። አንጥረኛው የሚፈልገውን ቅርጽ በሰም ይሠራል፤ ሰሙን በጭቃ ይሸፍነዋል፤ ጭቃውን ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ቦታ ወርቁን ያፈስሳል። በቅኔም ሰሙ ላይ ላዩን የሚሰማው ፍች፣ ወርቁ የተሸሸገው ፍች ነው፤ ወርቁ ቅርጹን ያገኘው ከሰሙ ነው። ተማሪዎችዎ ይህን ካዩ «ሰም ማለት ዋጋ የሌለው ውጫዊ ትርጉም ነው» የሚለውን የተለመደ ስህተት ይተዉታል። ሰሙ ካልተስተካከለ ወርቁም ይጣመማል።

ቀጥሎ ይህን ቤት ሰሌዳ ላይ ይጻፉላቸው። ለዚህ መልስ ያዘጋጀነው ነው፦

ደጋ ነው አገሬ ውርጩ ነው የሞላው፣
ልቤን ደስ የሚለው ያንቺ አገር ቆላው።

ኅብረ ቃሉ፣ ማለትም ሁለቱን ፍች የያዘው ቃል፣ «ቆላው» ነው። በአንድ በኩል ሞቃቱ አገር፣ በሌላ በኩል «ጠበሰው፣ አቃጠለው» ማለት ነው። ተማሪዎቹ ሁለተኛውን መስመር ጮክ ብለው ሁለት ጊዜ ያንብቡት። በመጀመሪያው ንባብ «ልቤን ደስ የሚለው» ብለው ያርፉና «ያንቺ አገር ቆላው» ይበሉ፤ ሰሙ ይመጣል፦ ልቤ የሚወደው ያንቺን አገር ቆላ ነው። በሁለተኛው ንባብ «ልቤን» ብለው ያርፉ፤ ከዚያ «ደስ የሚለው ያንቺ አገር ቆላው» ይበሉ፤ ወርቁ ይወጣል፦ ያ ደስ የሚል አገርሽ ልቤን አቃጠለው። ተናጋሪው የአገር አየር ያወራ መስሎ ፍቅሩን ተናገረ። የዕረፍቱን ቦታ ማዛወር ብቻ ሁለቱን ፍች እንደሚለያይ በጆሯቸው ሲሰሙት ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ይገባቸዋል።

ወደ መሥራቱ ሲሻገሩ ከሐሳብ አያስጀምሯቸው፤ ከቃል ያስጀምሯቸው። «ስለ ፍቅር ሰምና ወርቅ ጻፉ» የተባለ ተማሪ ወርቁን ይዞ ሰም ፍለጋ ይንከራተታል። መጀመሪያ እያንዳንዱ ሁለት ፍች ያለው አንድ ቃል ያምጣ። ከዚያ ቃሉን በሁለት ተራ ዐረፍተ ነገሮች ያግባው፤ አንዱ በስምነት፣ ሌላው በግስነት ቢሆን ይመረጣል። ሁለቱን ዐረፍተ ነገሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ የጋራ ቃላቸውን ያውጣ፤ እነዚያ ቃላት ሁለተኛውን መስመር ይሠሩታል። የመጀመሪያው መስመር ሥራ አድማጩን ወደ ሰሙ ማዘንበል ብቻ ነው፤ በእኛ ቤት «ደጋ» እና «ውርጭ» የገቡት ለዚያ ነው። ኅብሩን በተቻለ መጠን ወደ መጨረሻ ይግፉት፤ መጀመሪያ ላይ ከገባ አድማጩ ቀድሞ ይነቃል።

ምጣኔውን መጨረሻ ላይ ያስተካክሉ። ይህ የወል ቤት ነው፤ በእያንዳንዱ መስመር 6 እና 6 ቀለም (በአንድ ጊዜ የሚነገር የድምፅ ክፍል) አለው፦ «ደ-ጋ-ነው-አ-ገ-ሬ»፣ «ውር-ጩ-ነው-የ-ሞል-ላው»። የሚቆጠረው የሚሰማው ቀለም እንጂ የተጻፈው ፊደል አይደለም። «ውርጩ ነው የሞላው» 9 ፊደል ቢሆንም 6 ቀለም ብቻ ነው፤ ሳድሱ «ር» እና ሁለቱ «ው» ከፊታቸው ባለው ቀለም ይዋጣሉ፤ «ላ» ደግሞ ስትጠብቅ ለሁለት ተከፍላ አንዷ «ል» ወደ «ሞ» ትጠጋለች። «ውርጩ» በሚለው ፋንታ «ውርጭ» ቢሉ አንድ ቀለም ይጎድልና መስመሩ ያነክሳል። ተማሪ በጣቱ እያጨበጨበ ቢቆጥር ይቀለዋል።

አሁን ወደሚበላሽበት ቦታ እንምጣ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በሰዋስው ነው። አንድ ተማሪ ያንኑ መስመር «ልቤን ደስ የሚለው ያገርሽ ቆላ ነው» ብሎ ቢዘጋው ወርቁ ሞተ፤ «ነው» ስትገባ «ቆላ» ስም ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ማቃጠሉ ይጠፋል። እያንዳንዱ ፍች ራሱን የቻለ ሙሉ ዐረፍተ ነገር መሆን አለበት፤ ግማሽ ወርቅ የለም።

ሁለተኛው የማጥበቅና የማላላት ጉዳይ ነው። «መቼ ትመጫለሽ?» ለተባለች ልጅ «ገና ነው» የሚል መልስ በወረቀት ላይ ሁለት ፍች አለው፤ «ና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ሲሆን ሲጠብቅ ደግሞ የልደት በዓል ነው። «ዋና» እና «ሰፊ» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። በወረቀት ላይ እንዲህ ያለው ኅብር ያምራል፤ በቃል ሲነገር ግን አንባቢው ወይ ማጥበቅ ወይ ማላላት ስላለበት አንዱ ፍች ይወድቃል። ተማሪው ቤቱን የሚሠራው ለጆሮ ከሆነ እንደ «ቆላው» በሁለቱም ፍች አንድ ዓይነት የሚነበብ ቃል ይምረጥ። በተቃራኒው ጆሮን የሚያታልል፣ በጽሑፍ ግን የሚጋለጥ ኅብርም አለ፤ «ዓለም ማየት» እና «አለማየት» ቶሎ ሲነገሩ ይቀራረባሉ፤ ወረቀት ላይ ግን የቃሉ አከፋፈልና «ዓ»ዋ ምሥጢሩን ያወጡታል።

የግእዝ ቅኔም ልጆቹ መቅመሳቸው መልካም ነው። እዚያ የቅኔው ዓይነት መለኪያ የቤቱ (የመስመሩ) ብዛትና ዜማው ነው፦ ጉባኤ ቃና 2 ቤት፣ ዘአምላኪየ 3፣ ሥላሴ 6፣ መወድስ 8። የቅኔ ተማሪ የሚጀምረው ከጉባኤ ቃና ነው። ለእርስዎ ክፍልም ይኸው መንገድ ይሠራል፤ ሁለት መስመር ሳይጠና አራት መስመር አያስሞክሯቸው።

ጥያቄ፦ የከተማችን የደብረ ብርሃን ስም ተምሳሌት ነው ይባላል። ትክክል ነው? (ደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ስሙ ሲወጣ ተምሳሌት አልነበረም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በሰማይ ላይ ብርሃን በመታየቱ ቦታውን እንዲህ እንደ ሰየሙት በታሪክ ይነገራል። ስለዚህ ስሙ የሆነን ነገር ይጠቁማል። ተምሳሌት የሚሆነው ጸሐፊ በሥራው ውስጥ ሲያሠራው ነው። አንድ ገጸ ባሕርይ መብራት በጠፋበት ሌሊት ተስፋ ቆርጦ ከደብረ ብርሃን ቢወጣና ከዓመታት በኋላ ጎሕ ሲቀድ ተመልሶ ቢገባ የከተማዋ ስም ከቦታነቱ አልፎ መናገር ይጀምራል።

ከተለዋጭ ዘይቤ የሚለየውም በዚህ ነው። «ጉሙ ጋቢ ነው» ስንል እውነተኛ ጋቢ በቦታው የለም። ተምሳሌት ግን ራሱንም ሆኖ ይኖራል፤ በልቦለዱ ውስጥ ደብረ ብርሃን የሚበርዳት፣ ገበያ ያላት እውነተኛ ከተማ ናት፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ሌላ ነገር ትሸከማለች። አንድ ነገር ተምሳሌት መሆኑን የሚያሳዩት መደጋገሙና በታሪኩ መታጠፊያዎች ላይ መገኘቱ ናቸው። አንድ ጊዜ የታየን በርኖስ ሁሉ ተምሳሌት ማድረግ አያስፈልግም፤ መንዝ ላይ በርኖስ የሚለበሰው ስለሚበርድ ነው።

ጥያቄ፦ ሰውኛና እንቶኔ ልዩነታቸው ምንድን ነው? (ደብረ ሲና)

መልስ፦ ማነጋገሩ ነው። «ንፋሱ ሌሊቱን ሲያለቅስ አደረ» ሰውኛ ነው፤ ስለ ንፋሱ ይወራል። «አንተ ንፋስ፣ ለማን ነው የምታለቅሰው?» እንቶኔ ነው፤ ንፋሱ ራሱ ተጠራ። እንቶኔ ግዑዝን ብቻ አይጠራም፤ በሙሾ ሟቹን «ተነሥ፣ እንግዳ መጥቷል» የምትል አልቃሽም እየተጠቀመች ያለችው እንቶኔን ነው።

ጥያቄ፦ «አምስት አፍ አለብኝ» ተለዋጭ ዘይቤ ነው? (ሰላ ድንጋይ)

መልስ፦ አይደለም። ተለዋጭ በመመሳሰል ላይ ይቆማል፤ አፍ ደግሞ ሰውን አይመስልም፤ የሰው አካል ነው። እዚህ ከፊሉ በሙሉው ፋንታ ተጠራ። «ሁለት ብርሌ ጠጣ» ሲባልም ጠጁ በመያዣው ተጠራ። የሚያገናኛቸው መመሳሰል ነው ወይስ መጎራበት? ይህን ይጠይቁ። የተመረጠው ክፍል ለጉዳዩ የሚስማማ መሆኑንም ያስተውሉ፤ ስለ ቀለብ ሲወራ አፍ፣ ስለ ሥራ ሲወራ እጅ ወይም ጉልበት ይጠራል። «ለአጨዳው አሥር አፍ አመጣሁ» ያለ ሰው ባለማሳውን አስደንግጦታል።

ጥያቄ፦ ግነት ከውሸት በምን ይለያል? (አረርቲ)

መልስ፦ ዋሾ መታመን ይፈልጋል፤ አጋኝ ግን ቃል በቃል እንደማይታመን ያውቃል፤ አድማጩም ያውቃል። ስለዚህ ግነት መጠኑን በድፍረት ማለፍ አለበት። «ሦስት ቀን አልተኛሁም» ያለ ሰው እውነቱን ሊሆን ስለሚችል ዘይቤው አይለይም። «ሦስት ዓመት ዓይኔን አልከደንኩም» ሲል ግን ማንም አይሳሳትም። ሽለላና ፉከራ በዚህ ይኖራሉ፤ ዜናና ሪፖርት ደግሞ በዚሁ ይበላሻሉ።

ጥያቄ፦ ምጸትን በንግግር በድምፁ እለየዋለሁ። በጽሑፍ ግን እንዴት ይታወቃል? (ሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ ጸሐፊው እውነቱን ቀድሞ ካስቀመጠልዎት ይታወቃል። ውርጭ የገብሱን ቡቃያ በመታ ማግስት ገበሬው ማሳው ዳር ቆሞ «እንዴት ያለ የተባረከ ሌሊት ነበር» ቢል የውርጩን ነገር ያነበበ ሰው ምሬቱ ይሰማዋል፤ ያላነበበ ምስጋና ይመስለዋል። በጽሑፍ የሚከሽፍ ምጸት ብዙውን ጊዜ የሚከሽፈው እውነቱ ከቃሉ በኋላ ስለመጣ ነው። በአማርኛ ለዚህ ምልክትም አለን፤ ትእምርተ ስላቅ ይባላል፤ የተገለበጠ ቃለ አጋኖ (¡) ሆኖ በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይቀመጣል። ዛሬ ብዙም አይታይም፤ ቢመለስ ደስ ይለናል።

ከተናጋሪ ቃል ውጭ የሁኔታ ምጸትም አለ፤ ጉዳዩ ከታሰበው ተቃራኒ ሆኖ ሲያበቃ ነው። በተውኔት ደግሞ ተመልካቹ የሚያውቀውን ገጸ ባሕርዩ ሳያውቅ ሲናገር ይታያል።

ጥያቄ፦ ይህን አንቀጽ ጽፌ ያነበቡት ሰዎች «ቃላቱ ያምራሉ፤ ግን አልገባንም» አሉኝ። «ሕይወት ባሕር ናት። በመንገዷ ላይ ሥር ሰድጄ ቆሜ፣ ማዕበሏ ሲያቃጥለኝ፣ እንደ ጨረቃ ያበራችልኝ እናቴ ብቻ ነበረች።» ምኑ ነው የጎደለው? (ሞላሌ)

መልስ፦ የጎደለ የለም፤ የበዛ አለ። ሥዕል ያለባቸውን ቃላት ያሥምሩና ከእያንዳንዱ በላይ ቃሉ ከየት እንደመጣ ይጻፉ። ባሕርና ማዕበል ከውሃ፣ መንገድ ከጉዞ፣ ሥር መስደድ ከተክል፣ ማቃጠል ከእሳት፣ ጨረቃ ከሰማይ። በሁለት ዐረፍተ ነገር ውስጥ አምስት ቦታ! አንባቢው ባሕሩን መሣል ሲጀምር መንገድ ይመጣበታል፤ መንገዱ ላይ ዛፍ ይበቅላል፤ ማዕበሉ እሳት ይሆናል። እያንዳንዱ ዘይቤ ለብቻው ደህና ነው፤ አንዱ ግን ሌላውን ያጠፋዋል። አንድ አንቀጽ አንድ ቦታ ይበቃዋል።

ቦታውን ደግሞ ከሚያውቁት ይምረጡ። ባሕርን የማያውቅ ሰው በባሕር ሲመስል የሰው ቃል ይደግማል፤ የሚጨምረው ዝርዝር የለውም። ሞላሌ ላይ ውርጭን የማያውቅ የለም፦ በጠራ ሌሊት ድምፅ ሳያሰማ እንደሚወርድ፣ ጉዳቱ ጠዋት እንደሚታይ፣ ቡቃያውን እንደሚያጠወልግ። አንቀጽዎ በዚህ ቢቃኝ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ያ ዓመት ውርጭ ነበር። ሲወርድብኝ አልሰማሁትም፤ ሲነጋ ነው ጠውልጌ ያገኘሁት ራሴን። ሌላው ሁሉ ማሳው ከንቱ ነው ብሎ ሲሄድ እናቴ አልሄደችም። እንደገና አረሰችኝ፤ እንደገና ዘራችኝ።»

እዚህ ውርጭ፣ መጠውለግ፣ ማሳ፣ ማረስ፣ መዝራት ሁሉም ከአንድ እርሻ ናቸው። አንዱ ሌላውን እየደገፈ ስለሚሄድ «ዘራችኝ» የሚለው እንግዳ ግስ ሲመጣ አንባቢው አይደናገርም፤ መሬቱ ተዘጋጅቶለታል።

«እንደ ጨረቃ» የሚለውን ስለ ማውጣታችን፦ ብዙ ስለተባለ አንባቢ ሳያየው ያልፈዋል። የግድ ጨረቃን ከፈለጉ ማንም ያልሄደበት ድረስ ይግፉት። «ጨረቃ ናት» ያረጀ ነው፤ «ጨረቃ ናት፤ ሙሉ ሆና የማያት በወር አንዴ ነው» ሲሉ ግን ናፍቆትም ርቀትም ይገባበታል።

ረቂቅዎን ሲያስተካክሉ ከ«ዘራችኝ» ቀጥሎ «ማለትም ተስፋ ሰጠችኝ» የሚል ዐረፍተ ነገር ለመጨመር እጅዎ ይሄድ ይሆናል። ከጻፉት ይሰርዙት፤ አንባቢው እዚያ የደረሰው በራሱ እግር ነው።